አምፖሉ ጆሮ ያወጣ ዕለት

ጯ! ጯ! ሽቦ የሚሏት ልጅ ሁለቴ አጨበጨበች።

አምፖሉ በራ። ማብሪያ ማጥፊያውን የነካ ማንም የለም።

«ኧረ በለው!» ብላ ጮኸች ማይክ። ማይክ የሽቦ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ሹክሹክታዋ እንኳ ጎረቤት ድረስ ስለሚሰማ የወጣላት ስም ነው። ሽቦ ግን አልጮኸችም። አፏን ከፍታ አምፖሉን ታያለች። ሁለት ወር ሙሉ የበየደችው፣ ያቃጠለችው፣ እንደገና የበየደችው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ዛሬ ሰማት። ዓይኗን ማመን አቃታት።

የሞከሩት በአባቷ ክፍል ውስጥ ነው፤ መጋረጃው ሲዘጋ በቀንም ይጨልማል። አባቷ ኤሌክትሪሽያን ነበር። የሰፈሩን ግማሽ ቤት መስመር የዘረጋው እሱ ነው። «ሽቦ» ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ ዳዴ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ ቁርጥራጭ ሽቦ ከእጇ አይጠፋም ነበር። ከስምንት ወር በፊት ታሞ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ግን የራሱን ክፍል መብራት እንኳ የሚያበራለት ሰው ይጠራል። ሽቦ ይህን መሣሪያ ያሰበችው ያን ጊዜ ነው። የነገው የትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን የመጣው በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩት!» አለች ማይክ ወደ ሽቦ አባት አልጋ ዞራ።

የአባቷ ቀኝ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ እንደተኛ ነው።

«አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል አልሰማሽም?» አለና ሳቀ አባቷ።

ሽቦ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ከአልጋው እስከ አምፖሉ ያለውን ርቀት ሳይቀር ለክታ ነበር። ለእሱ ብላ ሠርታ የእሱን እጅ ረሳች። ሁለት ወር ሙሉ በገዛ እጆቿ ስታጨበጭብ አንድም ቀን ትዝ አላላትም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ተይ አታልቅሺ። የዚህ ነገር ጆሮው የቱ ነው?»

«ይቺ ማይክሮፎን» አለች፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጠውን ነገር እያሳየችው።

«የጓደኛሽ ሞክሼ! ታዲያ ጭብጨባ ብቻ ነው የምትሰማው ያለሽ ማነው? ካቻቢቴውን ያዢ። እሷን ከነሽቦዋ ንቀይና አልጋው ብረት ላይ ለጥፊያት።»

እሱ እየነገራት ማይክሮፎኗን አልጋው ብረት ላይ በፕላስተር አሰረቻት፤ ሰሌዳው ላይ ያለችውን የድምፅ ማስተካከያ ትንሽ ብሎን ሩብ ዙር አዞረች። አባቷ በግራ እጁ ቀለበት ብረቱን አንኳኳ።

ኳ! ኳ!

በራ። ኳ ኳ፣ ጠፋ። ኳ ኳ፣ በራ። ስንት ሺህ አምፖል የሰቀለ ሰው፣ መብራት ገና ዛሬ እንዳየ ሕፃን ይስቃል። ሽቦ ከግርምቷ ብዛት መተንፈስ ረሳች። አንዲት ቀለበት ብረት ነካች፣ ብረቱ ለማይክሮፎኗ ነገራት፣ እሷ ለአምፖሉ፤ አምፖሉም ታዘዘ። እንዴት እንደሚሠራ ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ተአምር መሰላት።

ኮሪደሩ ላይ ማይክ ክንዷን ያዘቻትና በእሷ አቅም አንሾካሾከች። «ነገስ? ነቅለሽ ትወስጂዋለሽ አይደል? አንደኛ የምንወጣው በእሱ ነው እኮ!»

«ኤግዚቢሽኑ ሳምንት ይቆያል። ዕቃው እዚያው ነው የሚቆለፍበት። ሌላ ለመሥራት ደግሞ ጊዜ የለም» አለች ሽቦ።

«ውሰጂው!» አለ አባቷ ከውስጥ፤ የማይክን ሹክሹክታ ማን ያጣዋል! «ስምንት ወር የጠበቀ ሰው ሳምንት አያቅተውም።»

ሽቦ ካቻቢቴውን ይዛ ቆመች። አንደኛ መውጣት እሷም ትፈልጋለች፤ በጣም ትፈልጋለች። በበሩ ሥር የሚታየው ብርሃን ጠፋ፣ ተመልሶ በራ። አባቷ ማንንም አልጠራም።

ካቻቢቴውን በአባቷ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ለኤግዚቢሽኑ ያዘጋጁትን ካርቶን አምጥታ ወለሉ ላይ ዘረጋችና የመሣሪያውን ሥዕል መሳል ጀመረች። ማይክ ትንሽ እንዳኮረፈች ቆመች። ቆይታ ተንበረከከችና ማርከር አነሳች።

«ዕቃው የታለ ቢሉንስ?»

ሽቦ መሣሪያው ሊቀመጥበት በነበረው ባዶ ቦታ ላይ በትልቁ ጻፈች፦ «ሥራ ላይ ነው።»