ፊቱ የሚቀላው ጸጉር አስተካካይ

ይህ ታሪክ አንዲት ነጥብ ያልተጨመረበት እውነት ነው፤ ውሸት ከተገኘበት የተናገረው ምላስ ከእንግዲህ ጨውና ስኳር አይለይ።

ጸጉር አስተካካዩ የሞተው እራት ላይ ነው። ከሚስቱ ሾርባ ሁለቴ ተጎነጨ፤ ሦስተኛውን ማንኪያ ሲያነሳ ፊቱ ደም መሰለ፣ ትንፋሽ አጠረውና ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለ። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ወሬው ሰባት ከተማ አዳረሰ፤ ሚስቱ መርዛዋለች ተባለ።

ሬሳው የተወሰደው ወደ «ሚዛን» ነበር። ሚዛን የሆስፒታሉ የፓቶሎጂ ሐኪም ናት፤ ከሰው አካል የተወሰደ ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይታ በሽታውን የምትለይ። ስሙን ያወጡላት ለማንም ስለማታዳላ ነው። ዓይኗማ፣ ከተራራ ማዶ ያለች ጉንዳን ሽፋሽፍቷን ብታርገበግብ አያመልጣትም።

«መርዝ አልተገኘም» አላት ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ። «የሟቹ ወንድም ግን ‘ያልታወቀ መርዝ ነው’ ይላል። እርስዎ ሌላ ምክንያት ካላገኙ ሴትየዋን ላስራት ነው።»

«መጀመሪያ ሰዎቹን ላናግር።»

ታላቅ ወንድሙ ገባ። ከሟቹ ጋር በአንድ ጸጉር ቤት ጎን ለጎን የሠራ ሰው ነው፤ ማበጠሪያው አሁንም ከደረት ኪሱ አልወጣም።

«እሷ ካገባችው ሁለት ዓመት አይሞላም። በልቶ ሲነሳ ፊቱ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት መሮጥ ነው። እንደ ሻማ አቀለጠችው። ቲማቲሜን በላችብኝ፣ ዶክተር።»

«ቲማቲም ማን ነው?»

«እሱ ነዋ። እኔ ያወጣሁለት ስም ነው። ጸጉር ቤቱን የከፈትን ሰሞን ደንበኛው ሁሉ በመስታወት እያየው ይስቅ ነበር።»

ሚዛን ሸኘችው።

ሚስትየዋ እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደብቃ ተቀመጠች።

«የሚቀላው ሲበላ ብቻ ነው፣ ልጄ?»

«ሲስቅም፣ ሲናደድም። የሠርጋችን ዕለትማ ፊቱ ሲቀላ ‘ሙሽራው አፈረ’ ብለው ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ። ምናለ ባልስቅ፣ እትዬ።»

ሚዛን ወደ ሬሳው ተመለሰች። ትንሹ አንጀት ላይ ባቄላ የማታክል ዕጢ ተለጥፋለች። ጉበቱን የሞሉት ከእሷ የተዛመቱ ልጆቿ ናቸው፤ የልቡ የቀኝ በሮች ደግሞ እንደ ቆዳ ደርቀዋል።

«ገዳዩ ተገኘ» አለ ፖሊሱ።

«መልኩ ተገኘ። ዕድሜው ይቀረናል።»

ከዕጢዋ ስስ ቅጠል አስቆርጣ፣ ለመከፈልና ለመባዛት የተነሣ ሴል ሁሉ ቡናማ የሚሆንበትን ቀለም አስቀባች። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗን ሳትጨፍን አሥር ሺህ ሴል ቆጠረች፣ ቀና አለች፣ በቃ። ከዚያ ሁሉንም አስጠራች፤ ወንድምየውን፣ ሚስትየዋንና የሟቹን እናት።

«ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ይባላል» አለች። «ሆርሞን ይረጫል። ፊትን የሚያቀላው፣ ሆድን የሚያላላው፣ ውሎ አድሮም ልብን የሚያደርቀው እሱ ነው። ሾርባው ቀሰቀሰው እንጂ አልፈጠረውም፤ ሳቅም ይቀሰቅሰው ነበር።»

«ይሁን፣ ካንሰር ነው» አለ ወንድምየው። «እሷ ባበላችው ነዋ የያዘው። በሁለት ዓመት አይገድልም?»

«የሚገድል አለ። ደረጃ ያወጣሁለት ለዚሁ ነው። ከመቶው ሴል ከሃያ በላይ ቡናማ ከሆነ ሦስተኛ ደረጃ፣ ፈጣን ነው። ከሦስት በታች ከሆነ አንደኛ፣ አዝጋሚ። የወንድምህ ከመቶው አንድ ነው።»

«ቡናማው ጥቂት ካለበት ቦታ ቆጥረውላት ቢሆንስ?»

«የምቆጥረው ቡናማው ከበዛበት ነው፤ ከሳሳበት የቆጠረ ራሱን ያታልላል። በበዛበት አንድ ከሆነ፣ ይህን የሚያክል ጉበት ለመሙላት ብዙ ዓመት ይፈጃል።» ወደ እሱ ዞረች። «ጸጉር ቤቱን የከፈታችሁት መቼ ነው?»

ወንድምየው ማበጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ጥርሶቹን በአውራ ጣቱ ደባበሰ።

«ከሠርጉ ዘጠኝ ዓመት በፊት» አሉ እናቱ።

«ሕመሙን ከሁሉ ቀድመህ ያየኸው አንተ ነበርክ» አለችው ሚዛን። «ስም አወጣህለት።»

ይኼኔ ወንድምየው ሚስትየዋ እግር ላይ ተደፋ። እናትየው ምራታቸውን አቅፈው እንባቸው መሬቱን አጨቀየው። ፖሊሱ ተንሰቀሰቀ፤ የሆስፒታሉ ግድግዳ ሳይቀር አለቀሰ።

በቀደም ይህ ታሪክ እሷው ቤት ሲነገር፣ ሚስትየዋ ጥግ ላይ ልብስ ታጥፍ ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«ማንም አላቀፈኝም» አለች በቀስታ። «ዶክተሯም በአንዴ አላወቁትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆጥሩ፣ ዓይናቸውን እያሹ እንደገና ሲቆጥሩ በበሩ ክፍተት አይቻለሁ። ነግረውን ሲጨርሱ ሁሉም አንድ በአንድ ወጡ። እናቱ ከእኔው ጋር ናቸው፣ ክፉ አይደሉም።»

የታጠፈውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና አጠፈችው።

«ሾርባዬን ግን እስከ ዛሬ ቀምሰው አያውቁም።»