ያልታዘዘው በር

አስከሬኑ ዋና ኮምፒውተሮቹ በሚቀመጡበት የሰርቨር ክፍል የመስታወት በር ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሲደበድበው የቆየው የእጁ ወዝ መስታወቱ ላይ ቀርቷል። ልጅቷ ወደዚያ ማየት አልቻለችም። ሟቹ አጎቷና የድርጅቱ ባለቤት ነበር። በሩ ከኮምፒውተር የሚከፈትበትን ገጽ የሠራችው ደግሞ እሷ ናት።

ጠዋት አጎቷ ለእሷ፣ ለሸሪኩና ለማሽን ጠባቂው «ከእናንተ አንዱ የደንበኞችን ይለፍ ቃል ይሸጣል፤ ማሽኖቹን ፈትሼ ማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ» ብሎ ገባ። እሳት ሳይኖር የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቀቀ፤ በሩም ተቆለፈ። ያ ጋዝ እሳትን የሚገድለው አየር ነስቶ ነው፤ ሰውንም እንደዚያው። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ «ክፈት» የሚለውን ተጫነች። ደግማ ተጫነች። በሩ ወይ ፍንክች።

«ኮዱን ከየት አመጣሽው?» አለች መርማሪዋ፣ መነጽሯን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች።

«ከጋራው ፋይል። እዚህ ቤት ማንም ከባዶ አይጽፍም፤ የሚጠቅም ቁራጭ ኮድ ያገኘ እዚያ ያኖራል፣ ሌላው ገልብጦ ይለጥፋል። የበሩ ቁራጭ ሰሞኑን ታድሶ አገኘሁት፤ እንዳለ ለጠፍኩት።»

«ሳታነቢ?»

«ሳላነብ።» ኮምፒውተሯን በጣቷ አመለከተች። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አይደል?»

መርማሪዋ መነጽሯን አደረገች። ልጅቷ ካቴናው እጇ ላይ የገባ ያህል በረዳት።

የአጎቷ ሸሪክ መዳፉ ደምቷል። «በወንበር ብደበድበው አልሰበር አለ። የእኔም ‹ክፈት› እንቢ አለ። ሐኪሙ ባይደርስልን እስካሁንም አይከፈትም ነበር።»

ሐኪሙ የሚሉት ማሽን ጠባቂውን ነው፤ ኮምፒውተር ሲታመም የሚያክመው እሱ ነበር። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «ምን አደረግኩና፣ እህቴ? እነሱ የተጫኑትን ያንኑ ተጫንኩ። በሩን የሚያዝዘው ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ነክቼው አላውቅም።»

«ስንቴ ተጫንክ?»

«አንዴ።»

ልጅቷ ቀና አለች። አንድ ነገር ትዝ አላት። ሐኪሙ ግን ዓይኑን ተክሎባት ነበር። ብናገር ማን ያምነኛል፣ በሰው ልታላክክ ነው ይሉኛል ብላ ዋጠችው።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበች። የሰርቨር ክፍሉም በር ተዘጋ።

«ልጄ፣ በኮምፒውተርሽ ‹ክፈት›ን ተጫኚ።»

ተጫነች። ዝም።

ሸሪኩ በራሱ ኮምፒውተር ተጫነ። ዝም።

«አንተስ፣ ሐኪሙ?»

«ኔትወርኩ እኮ አንዳንዴ…» እጁን ሰበሰበ። ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ተጫነለት። በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ።

«የለጠፍሽውን አሁን አንብቢልኝ» አለች መርማሪዋ። «ትእዛዙን ወዴት ነው የሚልከው?»

ልጅቷ አነበበች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሎካልሆስት። ቁልፉ የተጫነበት ያው ኮምፒውተር ማለት ነው።»

«እንግዲህ አንቺ ስትጫኚ የራስሽን ኮምፒውተር ነው ክፈት የምትዪው። እሱ ደግሞ በሩን አያውቀውም። የሸሪኩም አያውቀውም። ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ ቢሆን የሐኪሙም ባልሰማ ነበር። ግን ሰማ። የት ነው ያለው ታዲያ?»

ሁሉም ወደ ሐኪሙ ኮምፒውተር ዞሩ።

«ቆይ» አለ ሸሪኩ። «ሐኪሙ ኮዱን ራሱ ጋ ሞክሮት አድራሻውን ሳይቀይር በጋራው ፋይል ቢያኖረውስ? ሁላችንም የምንሳሳተው ነው።»

«አዎ!» ሐኪሙ ብድግ አለ። «ስሞክር ረስቼው ነው! በናታችሁ፣ ስህተት ነው!»

«ነክቼው አላውቅም ያልከኝ ማን ነበር?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሐኪሙ ተመልሶ ተቀመጠ።

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ሸሪኩ ጠቆመች። «እኔና ጋሼ ስንጮህ እሱ እጁን አጣጥፎ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። አጎቴ ማንኳኳቱን ሲያቆም ነው የተቀመጠው። ያኔ ነው የተጫነው።»

«በስህተት የሆነበት ሰው እንደ እናንተ ደጋግሞ ይጫን ነበር» አለች መርማሪዋ። «ይሄ ግን እንደሚከፈትለት ያውቃል፤ የጠበቀው የሟቹ ትንፋሽ እስኪቆም ነው። የከፈተውም አዳኝ ለመባል። ጋዙንም የለቀቀው ከዚያው ወንበር ነው።»

«ይለፍ ቃሉን መሸጤን ሊያወጣው፣ ስሜን ሊያጠፋው ነበር» አለ ሐኪሙ ዝቅ ብሎ። ለቅሶው ከየት እንደመጣ ወደዚያው ሄዶ ነበር።

ሲወስዱት ልጅቷ ተቀመጠች። ሎካልሆስት የሚለውን አጥፍታ የሐኪሙን ኮምፒውተር አድራሻ ፊደል በፊደል በእጇ ጻፈች። ሦስቴ አነበበችው። በሩ ተዘግቶ ነበር። «ክፈት» የሚለውን ነካች።

ተከፈተ። የሚወጣ ግን አልነበረም።