በአምፊቲያትሩ ውስጥ የቀረው የመጨረሻ ቤት

ትሮፊም ኖራድን መጀመሪያ ያያት ቤቷን ሊያፈርስ ዶማውን ተሸክሞ በመጣበት ቀን ነው።

ያኔ በፈረንሳይ የአርል ከተማ ሰው ገና በአምፊቲያትሩ ውስጥ ይኖር ነበር። ሮማውያን ሰውና አውሬ ያታገሉበት ያ ክብ ሜዳ በኋለኛው ዘመን ጦርነት ሲበዛ ምሽግ ሆነ። ቤተሰብ ከነፍየሉ ገባበት፤ ቅስቶቹ እየተደፈኑ ጓዳ ሆኑ። ሁለት መቶ ቤት ከነጸሎት ቤቱ ቆመበት። አሁን ግን ከተማው የጥንቱ ሕንጻ ይገለጥ ብሎ አዘዘ። ሁሉም ፈርሶ የቀረው የቅርጫት ሠሪው የኤልዜያር ቤት ብቻ ነበር።

በሩን የከፈተችው ልጁ ኖራድ ናት።

«ዶማህን ውጭ አስቀምጥና ግባ» አለችው።

«ልገባ አይደለም የመጣሁት።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እናንተ የምትገቡት በጣሪያ ነው!»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ዓይኗንም ከዓይኑ አልነቀለችም። ያ አስተያየት አላስተኛውም። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያም በየቀኑ። የተላከው ውጡ ብሎ አስጠንቅቆ ሊያፈርስ ነበር፤ እሱ ግን ውሃ ሲቀዳላት፣ ሸምበቆ ሲሰነጥቅላት ሳምንታት አለፉ።

«አባቴ አይወጣም» አለችው አንድ ቀን። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ከወለሉ ስር ትጠራዋለች።»

ትሮፊም አልሳቀም። ቀትር ላይ የከተማው ደወል ዝም ሲል፣ ከወጥ ቤቱ ንጣፍ ድንጋይ ስር የብዙ ሰው ኮቴ ሲያልፍ እሱም ሰምቶ ነበር።

በመጨረሻ ጨክኖ ልጅዎን ይዳሩልኝ ብሎ አባቷን ጠየቀ።

«ቤቴን አፍርሰህ ልጄንም ልትወስድ?» አለ ኤልዜያር። «ምን ያለው ጥጋበኛ ነው! እንግዲያው እናቷ ትፍረድ። ተኛና ጆሮህን ድንጋዩ ላይ አድርግ። የሰማኸውን ትነግረኛለህ።»

ትሮፊም ተኛ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ኮቴው መጣ፤ መጣና ልክ ከጆሮው ስር ቆመ። ቀዝቃዛ ትንፋሽ በድንጋዩ ውስጥ አልፎ ጉንጩን ነካው። አንዲት ሴት በሹክሹክታ፣ «ልጄን ከዚህ አውጣት» አለችው።

ብድግ አለ።

«ምን አለችህ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አልሰማሁም፣ አባባ።»

ኤልዜያር አፍጥጦ አየው። የያዘው ቅርጫት ከእጁ ወደቀ።

«ፊትህ አመድ መስሎ ምንም አልሰማሁም ትለኛለህ? ‹ልጄን አውጣት› አላለችህም?»

ትሮፊም አቀረቀረ። «ብላኛለች።»

«ታዲያ ለምን ደበቅኸኝ?»

«ለኔ የሚመች ቃል ሆነብኝ። ብናገር በሟች ስም እርስዎን ያታለልኩ ይመስላል።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። «አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነው የምትለኝ። ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አለ በሩ ላይ ወደቆመችው ኖራድ ዞሮ። ወደ ትሮፊምም መለስ ብሎ፣ «ውሰዳት፤ እኔንም አትተወኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ትሮፊም ጋሪ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ ሦስቱም ወጡ። ሰኞ ትሮፊም የወጥ ቤቱን ንጣፍ አነሳ። ከስሩ ያገኘው ድፍን አለት ነበር፤ ጣት እንኳ የሚያስገባ ቀዳዳ አልነበረውም። ኮቴውን የሰሙ የሥራ ጓደኞቹ አማተቡ። እሱ ግን የሴቲቱን ቃል ለማንም አልተናገረም።

በመኸር ተጋቡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በተገለጠው ሜዳ የኮርማ ጨዋታ ተደረገ፤ ሕዝቡ በጥንቱ መቀመጫ ላይ ሞልቶ ይጮህ ነበር። ኖራድ ግን ኮርማውን አላየችም። ወደ ታች፣ ወደ እግሯ ስር ታያለች። ትሮፊም እጇን ቢይዘው በረዶ ሆኗል።

«አንቺም ትሰሚያት ነበር?» አላት።

«በየቀኑ።»

«ያንኑ ‹አውጣት› የሚለውን?»

ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። «እኔን እንደሱ ብላኝ አታውቅም። ‹ጥለሽኝ እንዳትሄጂ› ነበር የምትለኝ።»

ትሮፊም በጩኸቱ መሃል ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ታዲያ እንዴት ወጣሽ?»

«አንተ ጋሪውን ይዘህ በር ላይ ቆመህ ነበራ።»