ሁለት እጅ ለአንድ ምት

ፕሮዲዩሰሩ ክሌመንት ፕሩዊት ድሮ የትንባሆ ማድረቂያ በነበረው ስቱዲዮው ጓሮ፣ በማይክሮፎን ማቆሚያ ብረት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። መርማሪ ቨርና ታኬት ስትደርስ ምክትል ሸሪፍ ሃስኬል እዚያ ዘፈን ሲቀዳ የነበረውን ባንድ ቫዮሊን ተጫዋች ዴልፊያን በካቴና አስሮ ጨርሷል። ሰውዬው ማሰብ ሲያቅተው ማሰር ይቀናዋል።

«ሟቹ ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ጮኾ ተቋረጠ» አለ ሃስኬል ደረቱን ነፍቶ። «ሦስቱ የባንዱ ወንዶች ከዘጠኝ ተሩብ ጀምሮ ሲቀዱ ነበር። በዚህ ዘፈን ቫዮሊን ስለሌለ ብቻዋን ወጥ ቤት የተቀመጠችው እሷ ናት።»

«አልገደልኩም» አለች ዴልፊያ። «ልጆቼን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው እንኳ የለኝም።»

ሦስቱ ወንዶች ጫማቸውን አዩ። ቨርና በዚያች ቅጽበት ናቀቻቸው።

«ዘፈኑ ስንት ደቂቃ ነው?»

«አሥራ አንድ» አለ ዘፋኙና ጊታር መቺው ቶቢን በኩራት። «የአያቶቻችን የገጠር ሙዚቃ፣ ብሉግራስ፣ ከእነሱ ጋር እንዳይሞት ብለን ነው እመቤቴ።»

«እንዳይሞት ብላችሁ ነው የምታሰቃዩት?»

ክሌመንት መቅጃውን ከፍቶላቸው ወጥቶ ነበር። የቀዱት ለየብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ አንዱ ሌላውን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ እየሰማ።

«የእኔ ማንዶሊን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል» አለ ላይል እግሩን አጣምሮ፣ ጊታር መሰሏን ትንሽ መሣሪያ እየዳሰሰ። «ከፈለጉ ያዳምጡ።»

ቨርና አዳመጠች። አባቷ ማንዶሊን ይጫወት ስለነበር ወጉን ታውቀዋለች። ብሉግራስ ከበሮ የለውም፤ «ቻክ፣ ቻክ» እያለ ምቱን የሚጠብቀው ማንዶሊን ነው። ማንዶሊኑ ዝም ሲል ግን ክብ ሆድ ያለው ክራር መሰሉ ባንጆ ሳይጠየቅ ይረከበዋል። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ደቂቃ ያለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችና ለሟቹ ሚስት ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ዌንደል» አለችው ባንጆ መቺውን፣ «አራተኛው ደቂቃ ላይ ለምን ቻክ ቻክ ማለት ጀመርክ?»

«ማንዶሊኑ ጠፋብኝ። እጄ በራሱ ነው የሚረከበው። ላይል እንደ ልማዱ የምት ቆጠራው ጠፍቶበት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ቅጂው ላይ ግን ማንዶሊኑ አልጠፋም። ሁለታችሁም ትመታላችሁ። አንድ ምት በሁለት እጅ ማን ይመታል?»

«ማንም» አለ ዌንደል ወደ ላይል ዞሮ።

«እንግዲህ ስትቀዱ ማንዶሊኑ ዝም ብሎ ነበር ማለት ነው። የጎደለው የተሞላው በኋላ ተቀድቶ ነው። ከቀረጻው በኋላ የት ነበራችሁ?»

«እኔና ዌንደል ሳንድዊች ልንገዛ ወጣን» አለ ቶቢን። «ላይል ማንዶሊኔን ልቃኝ ብሎ ቀረ።»

«አራተኛው ደቂቃ ማለት ዘጠኝ ከአሥራ ዘጠኝ ነው። ሟቹ ለሚስቱ የነገራትም የመጨረሻ ነገር፣ ነገ ላይልን አባርሬ ቆጠራ የሚችል ሰው አመጣለሁ ነው።»

«ተረት!» አለ ላይል። «ያ ምት እንከን የለውም! እንኳን ሌላው፣ ክሌመንትም ስህተት አያወጣለትም!»

ቨርና በትዕግሥት አየችው። ባዶ ጉራ ራሱን እንደሚያጋልጥ ታውቃለች።

«ለዚህ እኮ ነው የተጠራጠርኩት። እንዲህ እስኪጠራ ስንቴ ደጋገምከው? ሃያ ጊዜ?»

«ሁለቴ ብቻ!» አለ ላይል በቁጣ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ላይልም የተናገረው የገባው አፉን በእጁ ከያዘ በኋላ ነው። ሃስኬል ካቴናውን ከዴልፊያ ፈትቶ ወደ ላይል ሄደ። ይቅርታ መጠየቅ አልታየውም።

ቶቢን ጉሮሮውን ጠረገ። «ዴልፊያ፣ ስቱዲዮው እስከ ዓርብ የእኛ ነው። ነገ እንቀጥላለን አይደል?»

ዴልፊያ በካቴናው የቀላውን የእጇን አንጓ አሸች።

«ሲያስረኝ አንዳችሁ እንኳ ‹እሷ አታደርገውም› አላላችሁም» አለች። ቫዮሊኗን አነሳች። «አሥራ አንዱን ደቂቃ ብቻችሁን ሙሉት። እኔን ልጆቼ ይጠብቁኛል።»