የግድግዳው ሰም

ሕፃኗ የሞተችው በብርድ ነው። ደብረ ታቦር ላይ፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ስም እንኳ ሳይወጣላት።

እናቷ አዛለች ልጅ ስትናፍቅ ኖራ፣ ተስፋ ቆርጣ ሳለ ነው የወለደቻት። ያደሩበት የጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ደግሞ ያለ እሳት ይሞቃል የተባለለት ቤት ነበር። ከግድግዳው ሳንቃ ጀርባ በከረጢት የታሸገ ሰም አለ፤ ቀን ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ማታ ተመልሶ ሲረጋ ሙቀቱን ለክፍሉ ይለቃል። የፖሊስ መርማሪዋ ሳጅን ፋሲካ ሳንቃውን ብታስነሳ ከረጢቶቹ ባዶ ናቸው።

ይኼኔ ሹም ሁሉ ግድግዳ ሊዳስስ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የታሰረው ሰሙን ያስገባው መሐንዲስ ይሻው ነው። የጠቆሙት የማቆያው ዘበኛ አያ ሞገስ፣ የአዛለች አባት ናቸው። «ከእሱ በቀር ውስጡን ማን ያውቃል?» አሉ እያለቀሱ። ሐዘንተኛን ማን ይጠረጥራል? ፋሲካም አልጠረጠረች።

«ለማን ሸጥከው?»

«አልሸጥኩም።»

«ለሻማ ነጋዴ ነው?»

«ሳጅን፣ ይህ ሰም እኮ እጅ ላይ ይቀልጣል። ሻማ አይወጣውም። ማን ይገዛኛል?»

«የሚገዛማ አይጠፋም።»

ሐሙሲት ገበያ ወርዳ ሻማ ነጋዴዎቹን ብትጠይቅ ሳቁባት። አንዷማ እንዲህ ያለውን በነጻም አልወስድ አለቻት። ይሻው ግን አልተፈታም፤ አለቃዋ ምርመራውን ቶሎ ጨርሺ እያለ ይጨቀጭቃታል።

የገብርኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከመግቢያው ከተደረደረው ጧፍ አንዱን አንስታ አበራች። ቅዳሴው ሳይጋመስ ጧፉ መዳፏ ውስጥ ለስልሶ ጎበጠ። ጣቶቿ ቅባት በቅባት ሆኑ። አሸተተችው፤ የማር ሽታ የለውም።

ቅዳሴው እስኪያልቅ እንዴት እንደቆመች እሷ ታውቃለች።

«አባ፣ ይህን ጧፍ ማን አስገባው?» አለች ቄስ ደምሴን።

«የሞገስ ስለት ነው። ልጄ በሰላም ከተገላገለችልኝ ብሎ የተሳለው። ምስኪን!»

አያ ሞገስ ጣቢያ ተጠርተው መጡ። ጧፉን ጠረጴዛው ላይ ሲያዩት ሳይጠየቁ መናገር ጀመሩ።

«ብዙ ነበር የተሳልኩት» አሉ። «የንብ ሰሙ አልበቃኝ አለ። ለገብርኤል ነው፣ ግድግዳ ምኑ ይጎዳል አልኩ።»

«ከልጅዎ ክፍል?»

«እሷ ማዋለጃ ክፍል ሳለች ትንሽ ብቻ ልወስድ ነበር፤ ስለቱ አልሞላ አለኝ። ሙቀቱ ከሰሙ ነው ሲሉ መች አመንኩ? ያመንኩት ሕፃኗን ቀዝቅዛ ስነካት ነው።»

«ይሻው ሲታሰርስ? እርስዎ አይደሉ የጠቆሙት?»

አንገታቸውን ደፉ። «ፈራሁ።»

«እስር?»

«ልጄን።»

ፋሲካ ይሻውን ራሷ ሄዳ አስፈታችው፤ ይቅርታ ብትለው ጃኬቱን ከእጇ ተቀብሎ ወጣ።

ከዚያ አዛለች ወደ ተኛችበት ሄደች። ጡቷ ወተት አግቶ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበውላታል።

«አባቴ የት ሄደ?» አለች። «ሌባውን ሳላገኝ አልመለስም ብሎኝ ነው የወጣ።»

«አግኝቶታል» አለቻት ፋሲካ፣ በርጩማውን ወደ አልጋው እያስጠጋች።

«ማን ነው?»

ፋሲካ ተቀመጠች። እጇን ያዘችና ነገረቻት።