ባዶው ፓፍ

የስምንት ወር ነፍሰ ጡሯ አዋላጅ ነርስ በማዋለጃ ክፍሉ ማረፊያ ውስጥ ብቻዋን ሞታ ተገኘች፤ የአስም ፓፏን እንደጨበጠች። ፓፉ ባዶ ነበር። ፅንሱም አልተረፈም። «ሞት ሰበብ አያጣም» ብለው አስከሬኑን ሊያስወጡ ሲሉ እናቷ በሩ ላይ ቆመች።

«የልጄን ደም ሳልመልስ አልቀብራትም!»

መርማሪዋ የተጠራችው ያኔ ነው። እሷ ደግሞ በተረት የምትሸነገል ሴት አይደለችም። ፓፉን ገልብጣ ከጀርባው ያለችውን፣ ስንት ጊዜ መሳብ እንደቀረ የምታሳየውን ቆጣሪ አየች፤ ዜሮ ትላለች።

«መቼ ገዛህላት?» ባልየውን ጠየቀችው።

«ትናንት። ሁለት መቶ ይል ነበር። ዛሬ ጠዋት ሁለቴ ስትስብ አይቻለሁ።»

«አንተ ነህ የበላሃት!» እናትየዋ አነቀችው።

«እናቴ፣ ይልቀቁት» አለች መርማሪዋ። «ጥፋተኛ ቢሆን ፓፉ አሮጌ ነበር ይል ነበር እንጂ በራሱ ላይ አይመሰክርም።»

ሟች ፓፉን የያዘ ቦርሳዋን የምታስቀምጥበት ክፍል የሚገቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጓደኛዋ አዋላጅና ከወር በፊት የተቀጠረችው የጽዳት ሠራተኛ። መርማሪዋ ቃላቸውን ተቀብላ አስፈረመቻቸው። ጽዳቷ እስክሪብቶውን በሌባ ጣቷና በመሃል ጣቷ መካከል ሰክታ ፈረመች።

መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበች።

«ሟች በግማሽ ቀን ይህን ሁሉ ብትስብ ኖሮ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማንም አላየባትም። ስለዚህ ሌላ ሰው አየር ላይ እየነፋ ጨርሶታል። መቶ ዘጠና ስምንት ጊዜ መጫን ጣት አይምርም። እህቴ፣ እስቲ አውራ ጣትሽን አሳዪን» አለች ወደ ጽዳቷ ዞራ።

ጣቷ አብጦ ቀልቷል።

«እሰይ፣ ደግ አደረግሁ!» አለች ጽዳቷ። «አምና ምጥ ላይ ሆኜ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ቀና አድርጊኝ ብዬ ለመንኳት። ከነማስኳ "አትሞላቀቂ፣ በጀርባሽ ተኚ" አለችኝ። ልጄ ታፍኖ ሞተ! ስሟን ከተረኞች ሰሌዳ ላይ አነበብኩ። እሷም ትቅመሰው አልኩ!»

«መቼ ነው ይሄ?» አለ ባልየው።

«ጎርፉ ድልድዩን የወሰደ ዕለት። እንዴት ይረሳኛል?»

ባልየው ፊቱ አመድ መሰለ። «ያን ዕለትማ አስሟ ተነስቶባት ኦክስጅን ላይ ነበረች። ተራዋን ጓደኛዋ ሸፈነችላት፤ ሰሌዳው ግን አልተቀየረም።»

ሁሉም ወደ ጓደኛዋ ዞሩ። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«እኔ ነበርኩ» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ አልተኛሁም ነበር።»

ጽዳቷ እናትየዋ እግር ላይ ወደቀች። «እማማ፣ ይግደሉኝ!»

እናትየዋ እጇን አነሳች፤ ማንን እንደምትመታ ግን ጠፋት።