ጀርባውን ለነፋስ የሰጠ ወፍ

ክላይቭ ገርኒ በእንግሊዝ አገር፣ በኖርፎክ ባሕር ዳርቻ ካለው የወፍ መመልከቻ ጎጆ ሥር፣ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የራሱ ቴሌስኮፕ ማቆሚያ ብረት ነው። ሐኪሙ ከጠዋቱ በአራትና በአምስት ሰዓት መካከል እንደ ሞተ ተናገረ።

በዚያ በረዶ በቀላቀለ የጥር ዝናብ ወፍ ለማየት ብሎ የሚወጣ ጤነኛ ሰው የለም። ክላይቭ፣ ሚስቱ ሄስተርና ሁለቱ ጓደኞቻቸው ሮላንድና በርናቢ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ጥር አላስታጎሉም። አሁን የቀሩት ሦስቱ በተከራዩት ቤት ተሰብስበዋል። ሮላንድ ሄስተርን በትከሻዋ ደግፎ ያባብላታል።

«ቁርስ ላይ ከባለቤትዎ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ» አለቻት ኢንስፔክተር ዊኒፍሬድ ቡን፣ የራሰ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ።

«ማን ነው ያለው?»

«ሚስተር ሮላንድ።»

ሄስተር ቀና ብላ አየችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኼ ነው።

«ሄስቲ፣ ፖሊስ እኮ ናት የጠየቀችኝ። ልዋሽልሽ?» አላት ለስለስ ብሎ።

«በምን ተጣላችሁ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የባልና ሚስት ነገር ነው» አለች ሄስተር። ለክላይቭ ቃል ገብታለች። ዝም ካለች ሳይመሽ እንደምትታሰር ገብቷታል፤ ቢሆንም የሟች ቃል ከበዳት።

በርናቢ ክላይቭ በሞተበት ሰዓት መንደር ውስጥ ጎማ ሲያስጠግን ነበር፤ ጎሚስታው መስክሮለታል። ሄስተር ቤት ብቻዋን ነበረች። ሮላንድ ደግሞ ማዶ አሸዋው ጫፍ ላይ ወፍ ሲሥል ነበር፤ ደብተሩን ራሱ አምጥቶ አሳየ።

«መቼ ሣሉት?»

«ተጽፎ የለም እንዴ? አራት ሰዓት ተኩል። በረዶው ፊቴን እየገረፈኝ።»

«ከዚያ ወዲህ አልነካኩትም?»

«እኔ ያየሁትን እንጂ የተመኘሁትን አልሥልም።»

ኢንስፔክተሯ ሥዕሉን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሦስቱንም ወደ መስኮቱ ጠራቻቸው።

«ሚስተር በርናቢ፣ በቴሌስኮፑ ይመልከቱልኝ። ወፎቹ ፊታቸውን ወዴት አዙረዋል?»

«ወደ ባሕሩ ነዋ። ነፋሱ ከዚያ አይደል የሚመጣው? ወፍ ለነፋስ ጀርባውን ከሰጠ ላባው ተገልብጦ ብርድ ይገባዋል።»

«ከባሕር መንፈስ የጀመረው መቼ ነው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። እስከዚያ ከየብስ ነበር።»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የተሣሉት ወፎች በሙሉ መንቁራቸውን ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ማማ፣ ወደ የብሱ አቅንተዋል። በርናቢ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወፍ ይዞራል» አለ ሮላንድ።

«የሣሉት ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይዞር ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰዓቱን የጻፉት በኋላ ነው። እንግዲህ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ? ይኼ ደግሞ ከሟቹ መሳቢያ የወጣ ነው።»

ፎቶግራፍ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሮላንድ እዚሁ ዳርቻ አነሣኋት ብሎ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነባት ብርቅ ወፍ ናት። የቆመችው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ኖርፎክ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም፤ ፎቶው የተነሣው ሌላ አገር ነው።

ሮላንድ ወንበር ይዞ ቆመ። «ትናንት ፎቶውን ክላይቭ እጅ ላይ አየሁት» አለ። «በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነበር። ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ ያለኝ ይኼ ስም ብቻ ነው።»

ሄስተር ያን ጊዜ ወደ ሮላንድ ዞራ ተናገረች።

«የተጣላነው ባንተ ነው። አጋልጠው፣ ውሸታም ነው ብዬ ነዘነዝኩት። እሱ እምቢ አለ። ‹ሮሊ ጓደኛዬ ነው፤ ይኼ ነገር ከእኔ ጋር ይቀበራል› አለኝ። ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገባኝ። እኔም አንተን ሸሽጌ ልታሰር ነበር።»

ሮላንድ የያዘውን ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።